ግራ እጃቸውን የሚያነሱት

ዕጩ መምህርቷ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትደርስ መብራት ከጠፋ ሩብ ሰዓት ሆኖት ነበር። የቸኮለ ሰው በወጣ ቀን መብራት እንደማይኖር የማያውቅ የለም፤ እሷ ግን ነገሩን ገና ያን ዕለት የሰማች ይመስል ደጃፉ ላይ ቆማ ማሽኑን በዓይኗ ትለማመጠው ጀመር።

«ይመጣል እህቴ፣ አረፍ በይ» አለቻት የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ጥራዝ መቁረጫው ላይ አስቀምጣ ጠርዙን እያስተካከለች።

ማረፍስ ከየት ይምጣ! ልጅቷ በብብቷ የያዘችው የወረቀት ክምር የአራት ወር የማስተማር ልምምዷ ሁሉ የሰፈረበት ነው፤ ዛሬውኑ ተባዝቶ መጠረዝ አለበት። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘር ትመጣለች። ጥራዙን ታነባለች፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ልጅቷ መምህርት ትሁን ወይም ዓመቱን እንደገና ትጀምር ትወስናለች። በጥራዙ ውስጥ ሰባት የመምህራን ሙያ ደረጃዎች ተዘርዝረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥርም «ይህን ደረጃ እንዴት እንዳሟላሁ» የሚል ገጽ አለ። ስድስቱን ሞልታለች። አራተኛው «መምህር እያንዳንዱን ተማሪ ያውቃል፤ ያልገባውንም ለይቶ ያግዛል» ይላል። እሱን ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ቀዳዋለች።

ወደ አግዳሚ ወንበሩ ዞር ስትል አማካሪ መምህሯን አየች። ጋሽ ጠመኔ የፈተና ወረቀት ሊያባዙ መጥተው መብራቱን ይጠብቃሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ የቀኝ እጅጌያቸው ምንጊዜም በጠመኔ ብናኝ እንደነጣ ስለሆነ ይህን ስም ተማሪዎች አወጡላቸው፣ መምህራኑም ወረሱት፣ እሳቸውም ለመዱት።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«ደህና ዋልሽ የኔ ልጅ? ነይ ተቀመጪ። ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ነገ የምትፈተኚው አንቺ ነሽ ወይስ ልትሰቀዪ ነው?»

ተቀመጠች፤ ወዲያው ተነሳች፤ እንደገና ተቀመጠች። «አራተኛው ገጽ እምቢ አለኝ ጋሼ።»

«እምቢ አለኝ? ወረቀት እምቢ ይላል እንዴ? ‹ሁሉንም ተማሪዎቼን በሚገባ አውቃለሁ› ብለሽ ጻፊና ተገላገይ። ሌሎቹስ እንደዚያ አይደል የጻፉት?»

«አላውቃቸውማ! ሃምሳ ሁለት ልጆች ናቸው። የአሥራ አምስቱን ስም ቢጠይቁኝ እንኳ እንጃ።»

«የሚያውቀው ማን አለ?» አሉ ጋሽ ጠመኔ፣ ነገሩን ከጉዳይ ሳይቆጥሩት። «ስሚኝ ልጄ፤ ደረጃ ምናምን የሚባለው ለሕንፃ ነው፣ ለመንገድ ነው። ማስተማር ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው። ያለው አለው፣ የሌለው የለውም። እኔ በነጭ ወረቀት ላይ ‹አሟልቻለሁ› ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ ይኸው ዶክተሩም ኢንጂነሩም ከእጄ ወጥቷል።»

«ዶክተር ያልሆኑትስ?»

«እነሱ አልተማሩማ!»

«ወይስ አላስተማሯቸውም?» አለችና ራሷ ደነገጠች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝ።»

«ግድ የለም፣ ተናገሪ። መብራቱም አልመጣ።»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህ ሊታወቅላቸው ይገባል። ብዙ ጊዜ ጎጂ ልማድ የሚያቆዩልን ክፉ ሰዎች ሳይሆኑ እንዲህ ያሉ ደጋጎች ናቸው፤ ለዚህም ነው ልማዱን መጣል የሚከብደን።

«እንግዲያውስ የሰኞውን ነገር ላንሳ» አለች ልጅቷ። «ሱፐርቫይዘር በመጣ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ እጁን እንዲያነሳ፣ ያወቀ ቀኝ እጁን፣ ያላወቀ ግራ እጁን ብለው የነገሩኝን።»

«አዎ። አለማመድሻቸው?»

«አለማመድኳቸው። ሰኞም ማክሰኞም። ችግሩም እሱ ነው። ጥያቄ ስጠይቅ ሃምሳ ሁለት እጅ ይነሳል፣ እኔ ቀኙን እየመረጥኩ እጠራለሁ። ያየ ሰው ‹እንዴት ያለች መምህርት ናት!› ይላል። ከዚያ ወደ አራተኛው ገጽ ስመለስ ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ።»

ጋሽ ጠመኔ ሳቅ አሉ። «ይህን ዘዴ ያወጣሁት ለእንግዳው እንዳይመስልሽ። ለልጆቹ ነው። ያላወቀ ልጅ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እንግዳው ያየዋል፣ ጓደኛው ያየዋል፣ ይሸማቀቃል። ግራውን ካነሳ ግን ከሰው እኩል ነው። ማንም አያውቅበትም። ልጅን ከማሳፈር መሸፈን አይሻልም?»

ይህ ቀላል መልስ አልነበረም። ልጅቷ የጥራዙን ገጾች ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ ገለጠች።

«ይሻላል ጋሼ፤ ሸፍነን በኋላ ወደ ልጁ ብንመለስ ይሻል ነበር» አለች በመጨረሻ። «ግን መች እንመለሳለን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኛ ደግሞ የሰው በሽታ ነው የምንደብቀው። ልጁን ከኀፍረት አዳንነው እንበል፤ ከትምህርቱስ? እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ በማግስቱ፣ ግራ እጁን ወዳነሳው ልጅ ሄደው ‹ና፣ ያልገባህን ንገረኝ› ያሉበት ቀን አለ?»

«ጊዜው የታለ ልጄ? ትምህርቱ ማለቅ አለበት እኮ።»

«ለማን ነው የሚያልቀው?»

ጋሽ ጠመኔ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መቁረጫው ቆመ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት እጆቿን በሽርጧ ጠርጋ ወደ እነሱ ዞረች።

«ነገራችሁ ውስጥ ገባሁ፣ አትቀየሙኝ። ጋሼ፣ አላስታወሱኝም አይደል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ፊትሽ… አዎ… ተማሪዬ ነበርሽ መሰለኝ። ስምሽ ማን ነበር?»

«ተዉት፤ ያኔም አልጠሩትም።» ስትናገር ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላለች። «አምስተኛ ክፍል፣ በበሩ በኩል፣ የመጨረሻው ዴስክ። የግራ እጅ ነበርኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግራዬን አነሳለሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ማንም አያውቅብኝም ብዬ። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ለካ እርስዎ ያውቃሉ። እጄን በዓይንዎ ያገኙትና ወደ ሌላው ያልፋሉ። ሌላ መምህር ቢሆን ‹አላወቀልኝም› እል ነበር። እርስዎ ግን ዓመቱን ሙሉ እያወቁ አለፉኝ።»

ጋሽ ጠመኔ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ክፋት እንዳልነበረብዎ አውቃለሁ ጋሼ። ስድስተኛ ላይ አቋረጥኩ። ዛሬም ወረቀት ስቆርጥ ‹ሲሶውን ቀንሺልኝ› የሚለኝ ደንበኛ ሲመጣ በጣቴ ነው የማሳየው፤ እዚህ ጋ ነው? እዚህ ጋ? እላለሁ። እስከ ዛሬ ግራ እጄን እንዳነሳሁ ነኝ።»

እንዲህ ባለ ሰዓት መብራት መጣ። ማሽኑ ጮኸ፣ ሦስቱም ዘለሉ። ሴትዮዋ ምንም እንዳልተናገረች ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የልጅቷን ወረቀት ተቀብላ አባዛች፣ ጠረዘች። አራተኛው ገጽ ባዶውን ተጠረዘ። ከመቁረጫው ሥር የወደቁትን ረጃጅም የወረቀት ቅዳጆች ስትሰበስብ ልጅቷ አየቻቸውና «እነዚህን ትሰጪኛለሽ?» አለች። ጋሽ ጠመኔ የመጡበትን የፈተና ወረቀት ሳያባዙ ወጥተው ሄደው ነበር።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች ልጅቷ ታውቃለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ደርሳ የስም መጥሪያውን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ከአራት ወር በኋላ! ከዚያ ባዶውን ገጽ በእጇ ጻፈችበት። ሦስት መስመር ነበር፣ አልቀደደችውም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሱፐርቫይዘሯ ከኋላ ተቀመጠች። ጋሽ ጠመኔም አማካሪ ናቸውና ከጎኗ ተቀመጡ፤ ደህና አድረዋል የሚያሰኝ ፊት አልነበራቸውም። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክፍልፋዮች ጻፈች።

«ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?»

ሃምሳ ሁለት እጅ አንድ ላይ ተነሳ። ሱፐርቫይዘሯ ቀና ብላ አየች፣ ደስ ያላትም መሰለች። ልጅቷ ቆጠረች። ቀኙ አሥራ አንድ ነው፤ ግራው አርባ አንድ። የምታልፍበት መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል፤ ከቀኞቹ አንዱን መጥራት ብቻ ነው።

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጠውን ልጅ በስሟ ጠራቻት።

ተማሪዋ መጀመሪያ የተነሳውን እጇን አየችው፣ ተሳስቼ ይሆን ብላ። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ቲቸር፣ እኔ ግራዬን ነው እኮ ያነሳሁት!» አለች።

አንድ ሁለት ልጆች እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። የሱፐርቫይዘሯ ብዕር ቆመ።

«አይቻለሁ» አለች ዕጩ መምህርቷ። ድምፅዋ እንደፈራችው አልነበረም። «የጠራሁሽም ለዚያ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። የመሰለሽን ንገሪኝ፤ የቱ ይበልጣል?»

«አንድ አራተኛ።»

«ለምን?»

«አራት ከሦስት ስለሚበልጥ።»

«ማነው እንደሷ የሚያስብ? ቀኝ ግራ የለም፤ በፈለጋችሁት እጅ።»

መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሞላ እጁን ሊያነሳ ምንም አልቀረውም። ከቀኞቹ አሥራ አንድ እንኳ አራቱ አሉበት! ቀኝ እጅም ይዋሻል ለካ። ዕጩ መምህርቷ የትናንቶቹን የወረቀት ቅዳጆች አደለች፤ እኩል የሆኑ ሁለት ሁለት ወረቀት ለእያንዳንዱ ዴስክ። አንዱን ሦስት ቦታ፣ አንዱን አራት ቦታ አጠፉ። የመስኮቷ ልጅ እጥፉን ከእጥፉ ጎን አድርጋ ለካች፣ ገለበጠች፣ እንደገና ለካች።

«ቲቸር! ለብዙ ሰው ሲካፈል ድርሻው ያንሳላ!» ብላ ሳይፈቀድላት ተነሳች።

ደወሉ ሲደወል የዕለቱ ትምህርት ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር።

በመምህራን ማረፊያው ክፍል ሱፐርቫይዘሯ ጥራዙን ይዛ ተቀመጠች። ሌሎች መምህራንም ለውይይቱ ተሰብስበዋል። «ያ የግራ እጅ ነገር ምንድን ነው?» አለች ሳትጠመዝዝ።

«ለእርስዎ መምጣት ያለማመድኳቸው ነው» አለች ዕጩ መምህርቷ። «ማንም አላስገደደኝም።»

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ጠመኔ ከጥግ።

ሱፐርቫይዘሯ ሁለቱንም አየቻቸውና አራተኛውን ገጽ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች። «‹እስከ ትናንት ድረስ ይህን ደረጃ አላሟላሁም። ያላወቁትን መደበቅ እንጂ ማወቅ አልጀመርኩም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የምጠራው ግራ እጅን ነው።›» ጥራዙን ዘጋችው። «የጊዜ አጠቃቀምሽ ደካማ ነው፤ ዕቅድሽን ግማሽ መንገድ ላይ ጥለሽዋል። ይህን ዝቅ አድርጌ ሞልቼዋለሁ፣ ትሠሪበታለሽ። ማለፉን ግን አልፈሻል።»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቁነጠነጥ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልበል» አለች ሱፐርቫይዘሯ ወደ ሁሉም ዞራ። «ደረጃ የወጣው መምህርን ለማስጨነቅ አይደለም። ያልገባውን ልጅ የሚያውቅ መምህር አንድን ትምህርት አሥር ጊዜ ከመድገም ይድናል። ልጁም ስህተቱን ሲናገር መሳቂያ አለመሆኑን ካየ ይጠይቃል፣ የሚጠይቅ ደግሞ ይማራል። ወላጅም ልጄ ለምን ወደቀ ሲል መልስ ያገኛል። ልብ ሳይኖር ወረቀት ብቻ ከተሞላ ግን እናንተም ደከማችሁ፣ እኔም ደከምኩ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በክፍላችሁ ትናንት ያልገባው ማን እንደሆነ በስም የምታውቁ እጃችሁን አንሱ።»

ሦስት መምህራን ቀኝ እጃቸውን ፈጠን ብለው አነሱ። ሌሎቹ ጠረጴዛውን አዩ። ጋሽ ጠመኔ ጥቂት ቆዩና ጠመኔ ነክቶት የማያውቀውን፣ ንጹሑን የግራ እጅጌያቸውን ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሱ። ማንም አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጠመኔ የሰባቱን ደረጃዎች ወረቀት ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገቡ። መብራት ነበር። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ልትቀበላቸው ስትል ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ቆይ ልጄ» አሏት። «መጀመሪያ ስምሽን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። እሳቸውም ከተማሪዎቹ ፊት እንደቆመ አዲስ መምህር፣ እንዳይሳሳቱ ቀስ ብለው ደገሙት።