ኮሎኔሉ ያለ መለዮ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ነገሪ፣ የማሽን ክፍል፣ የጥረዛ ክፍል፣ የጥበቃና የጽዳት ባልደረቦቼ፣

ይህን አዳራሽ አሳምራችሁ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስለ እኔ ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወረቀት ይዤ በመቆሜ አትታዘቡኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳጥፍና ስሰፋ ኖሬ፣ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቀስ ብዬም ነው የማነበው። የቸኮለ ካለ ምግቡ ከኋላ ነው፣ ይጀምር።

በመሰናበቻ ቀን ሐዘን አይወራም የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ሳልጀምር ሌላውን መናገር አልችልም።

ያ የኅዳር ማክሰኞ ትዝ ይላችኋል? አንድ ልጄ ሰይፈሚካኤል ጠዋት ወደ ወለንጪቲ የሄደበት፣ የተሳፈረበት መኪና የተገለበጠበት ማክሰኞ። እናንተ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ታውቁ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። መርዶ ለእናት በሥራ ቦታ አይነገርም ብላችሁ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማግስቱ ንጋት ላይ እስኪነግረኝ ድረስ ቀኑን ሙሉ ደብቃችሁኝ ዋላችሁ።

ፎዚያ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሠራሽው እህቴ፣ በዚያን ቀን የታጠፈ ወረቀት እያመጣሽ «እንቁዬ፣ ይሄ ጠማማ ነው፣ እንደገና እንጠፈው» አልሽኝ። እኔም «ዓይንሽን አሞሻል እንዴ? ቀጥ ያለ ነው!» ብዬ ተቆጣሁሽ። ፊትሽን አዙረሽ «እሺ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልሽ። ስልኬንም «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብለሽ ወስደሽ ሳትመልሺ ዋልሽ። አቶ ነገሪ ወደ ጥረዛ ክፍል ወርደው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ምነው ዛሬ ሥራ ፈቱ?» አልኳቸው። ሳቁ። ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

ለብዙ ጊዜ ተቀይሜያችሁ ነበር። ልጄ ሆስፒታል አስከሬኑ ተኝቶ እኔን ወረቀት አሳጠፋችሁኝ ብዬ። አሁን ሳስበው ግን አንድ ቀን ጨመራችሁልኝ። የልጅ እናት ሆኜ የዋልኩበትን የመጨረሻ ቀን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ለዚያ ቀን ዛሬ አመሰግናችኋለሁ።

በቅርብ የተቀጠራችሁ ልጄን አታውቁትምና ልንገራችሁ። ሰይፈሚካኤል በሥዕል የሚነገር የጀግና ታሪክ ይሠራ ነበር፤ እናንተ ወጣቶቹ ኮሚክ የምትሉትን። የሚታተመውም እዚሁ እኛ ጋ ነበር። ጀግናዋ እንፋሎት ትባላለች፣ የአዳማ ልጅ ናት። ከቦሰት ተራራ ሥር የሚወጣው ትኩስ ጭስ ከመሬት ያነሣታል፣ ትበራለች። ጎርፍ የከበበውን ሰው ታወጣለች፣ የሚቃጠል ቤት ገብታ ሕፃን ይዛ ትወጣለች።

አንባቢው የሚያወራው ግን ስለ እሷ አልነበረም። ስለ አባቷ ነበር፣ ስለ ኮሎኔሉ። ልጄ ለኮሎኔሉ ስም እንኳ አልሰጠውም። የታሪኩ ዋና ሰው አይደለም፤ በየቁጥሩ ሦስት አራት ገጽ ላይ ብቅ ይላል። ልጅቱ ከተማውን አድና፣ ጥላሸት ለብሳ ቤቷ ስትደርስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ስንት ሰዓት ነው?» ይላታል።

«ጥናት ነበረን» ትለዋለች።

«ጥናት ጫማ ያቃጥላል?» ይላታል።

ጀግና መሆኗን አያውቅማ! አንድ የመልካሳ ተማሪ «እባክህ በሚቀጥለው ቁጥር ኮሎኔሉን ግደልልን» ብሎ ለልጄ ጻፈለት። እራት ላይ አነበበልኝ። «ታዲያ ምን ልትለው ነው?» አልኩት። «ኮሎኔሉ ከሞተ በሩን ማን ይከፍትላታል? እለዋለሁ» አለኝ።

ባለቤቴን የምታውቁ ፈገግ ማለት ጀምራችኋል። አዎ፣ ሻምበል ኪዳነወልድ ማለቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በሠራዊት አገልግሎ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም አልጋውን እንደ ካምፕ የሚያነጥፈው። ያው ከኋላ ቆሟል። ወንበር ሰጥታችሁታል፣ አይቀመጥም።

ኮሎኔሉ እሱ ነው። ቁመናው፣ ቅንድቡ፣ ተሰብራ ጠማማ የቀረችው ትንሽ ጣቱ ሳትቀር። «አባትህን የሰፈር መሣቂያ ልታደርገው ነው?» ብዬ ልጄን ተቆጣሁት።

«እማዬ፣ ማዕረጋቸውን እኮ ከፍ አድርጌላቸዋለሁ» አለኝ።

«እኔስ የታለሁ?»

«አንቺን ማን ይሥልሻል? አንድ ቦታ አትቆሚም።»

የመጀመሪያው ቁጥር ሲወጣ አንድ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወደ ሥራ መጣሁ። ስመለስ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ አገኘሁት። «የኮሎኔል ምልክት ይህ አይደለም።» «ቦት ጫማ እንዲህ አይታሰርም።» «ቀበቶው ተገልብጧል።» ሻምበል መጽሔቱን አነሣና «ለሠዓሊው ስጪው» አለኝ። ሠዓሊው ከግድግዳው ማዶ፣ በዚያው ቤት ውስጥ ነበር!

ይናደዳል ብዬ እየፈራሁ ወሰድኩለት። ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጋሼ ናቸው ያረሙት? ሁሉንም ገጽ?» አለኝ።

«እስከ ጀርባ ሽፋኑ» አልኩት።

«አንብበውታል ማለት ነዋ!» ብሎ ከመሬት አንሥቶ አዞረኝ። ወገቤን አሞኝ ሰነበተ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ቁጥር ወጣ። በየቁጥሩ ቀዩ ቀለም እየቀነሰ ሄደ። በአራተኛው ላይ አንድ እርማት ብቻ ነበር፤ «ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ይጎድላል» የሚል። አባትና ልጅ ስለዚህ ሥራ አንድም ቀን በአፍ አልተነጋገሩም። እኔ ነበርኩ መሐል ላይ የምመላለሰው። አንዳንድ ቀን ይመርረኝ ነበር። የሁለት ኩሩ ሰዎች ፖስተኛ መሆን ቀላል ይመስላችኋል?

ልጄ ሲሞት አምስተኛው ቁጥር አልቆ ነበር፤ ሥዕሉም ጽሑፉም። የማረሚያ ቅጂው ኮምፒውተር ክፍል፣ በደራርቱ እጅ ነበር። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

የቤታችንን ደንብ ታውቃላችሁ። ደንበኛው በማረሚያ ቅጂው ላይ «ይታተም» ብሎ ካልፈረመ ማሽን አይነሣም። ይህ ደንብ የጠበቀው በእኔ ጥፋት እንደሆነ ግን ወጣቶቹ አታውቁም። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ የሠርግ ጥሪ አስቸኳይ ነው ብዬ ሳይፈረምበት አሳለፍኩ። ቀኑ በአንድ ሳምንት ተሳስቶ ወጣ። የአቦምሳ ዘመዶች ሙሽራዋ ከተዳረች በኋላ ሙክት እየጎተቱ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ «ፊርማ የሌለው አይነካም» እያልኩ ስንቱን የቸኮለ ደንበኛ የመለስኩት እኔው ነኝ።

እንግዲህ የሞተ ሰው እንዴት ይፈርማል?

አቶ ነገሪ «ወይዘሮ እንቁ፣ ለእርስዎ ልጅ ደንቡን እናነሣለን» አሉኝ። አይሆንም አልኩ። ለሰው ልጅ የጠበቀ ደንብ ለእኔ ልጅ ሲሆን አይላላም። እንግዲያው አባቱ ይፈርም ተባለ። አርባው ካለፈ በኋላ ቅጂውን ይዤለት ገባሁ። በልቤ ግን እፈራ ነበር። እምቢ ቢል የልጄ የመጨረሻ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ነው።

ሻምበል መነጽሩን አደረገ፣ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ፣ ገጽ በገጽ ሄደ። ምንም አላረመም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እዚያ ገጽ ላይ ኮሎኔሉ የልጁን ምስጢር ሰምቷል። እንፋሎት ደክማ፣ ልብሷ ተቀዶ በሩ ላይ ደርሳለች። ስንት ሰዓት ነው አይላትም። በሩጫ ነው መሰል የወጣው፣ መለዮውን ራሱ ላይ አላደረገም። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ፣ ለልጁ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል።

«ስህተት ነው» አለ ሻምበል።

«ምኑ?»

«መለዮ ያላደረገ መኮንን በእጁ ሰላምታ አይሰጥም። የበላይ ደግሞ ለበታቹ ቀድሞ አይሰጥም። ሁለት ስህተት።»

«እና ምን ይሁን?»

«ይታረም።»

«ማን ያርመው?» አልኩት።

ቅጂውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈበት።

ሦስት ሳምንት እዚያ ተቀመጠ። እኔም አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣውም። በአራተኛው ሳምንት ደራርቱ ቤት ድረስ መጣች። እንደ እናቷ አክብራ «አዴ» ነው የምትለኝ። «አዴ እንቁ፣ ምንም አይጨነቁ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መለዮውን በኮምፒውተር እኔ አደርግለታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማንም አያውቅም።»

ሻምበል ጓዳ ሆኖ ሰምቷል። ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«በማን እጅ?» አላት።

ልጅቱ ደንግጣ ብድግ አለች። «በ… በእኔ፣ ጋሽ ሻምበል።»

«እሱ ያልሣለውን ማንም አይሥልለትም። ተቀመጪ።»

ሳጥኑን ከፈተ። ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ጻፈ። ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ቀኑን አሰፈረ፤ ፈረመ። እስከዚያ ቀን ለእኔ ነበር የሚሰጠው፤ አሁን ግን በገዛ እጁ ለደራርቱ ሰጣት። የጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ስህተት ነው። እንዳለ ይታተም።»

እኔና ደራርቱ እርስ በርስ አልተያየንም።

አራት ቁጥር ሙሉ የታረመ ልጅ መለዮ የሚረሳ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። አባቱም የሚመስለው አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ቁጥር አምስት ታተመ። «ሥራዎን አስረክበዋል፣ ይረፉ» ተብዬ ነበር፤ አልሰማሁም። ፎዚያ አጠፈችው፣ እኔ በሽቦ ሰፋሁት። ሁለት ሺህ ቅጂ። በዚህ ቤት የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው። ከዚህ የተሻለ ማን ጨረሰ?

ኩራት ነው የተሰማኝ፣ አልደብቃችሁም። የሚበር ጀግና ብዙ ሰው ይሥላል። ሰው ሁሉ ይሙትልን የሚለውን ቁጡ አባት በሩ ላይ አቁሞ፣ ለምን እንደቆመ የሚያሳይ ግን እኔ ከአንድ ልጅ ሌላ አላውቅም፤ የእኔ ነው። በባለቤቴም ኮርቻለሁ። በዕድሜው አንድም ጊዜ ስህተት አሳልፎ አያውቅም ነበር። በእናንተም ኮርቻለሁ፤ ፊርማውን ጠብቃችኋልና።

ቅጂዎቹን ደራርቱ ስትወጡ በር ላይ ታድላችኋለች። እጃችሁን ታጥባችሁ ተቀበሉ፤ የምግብ ቅባት ከወረቀት አይለቅም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ማሽናችሁ አይቁም፣ ጣታችሁን ከመቁረጫው ይጠብቅላችሁ። ወረቀት አይጥፋባችሁ። ልጆቻችሁ ከመንገድ በሰላም ይግቡላችሁ። ያላገባችሁ አግቡ፤ የጥሪ ካርዱን ግን ፈርሙበት። ይህ ቤት እኔን እንዳቆየኝ እናንተንም እስከ ሽበት ያቆያችሁ።

አንድ ነገር ለምኜ ልቀመጥ። የልጄ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትስሙ በዚህ ስም አስቡልኝ። ፎዚያ፣ አንቺና እህቶችሽ ዱአ አድርጉለት። ለሞተ አይጸለይም የምትሉ ወንድሞቼም አልከፋባችሁም፤ ስሙን ብቻ ጥሩልኝ። አሁን ግን ሁላችሁም ብድግ ብላችሁ፣ በአንድ ላይ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ጮክ አድርጋችሁ በሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት የማሽን ድምፅ የሰማ ጆሮ ነው ያለኝ፣ ዝግ ያለ አይሰማም፤ አባቱም ሩቅ ነው የቆመው።