የዝሆኖቹ ሥዕልና ጋሽ ጉዲሳ

— ሄሎ፣ ፍሬም ቤት ነው… ማን? … ቂርቆስ! ወንድሜ፣ ምነው በሱቁ ስልክ? … ሞባይሌማ ድምፁ ጠፍቶ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ አልሰማሁትም። … ቆይ ቆይ፣ ቀስ በል። ማን ነው የተባረረው?

— ጋሽ ጉዲሳ? ማን ነገረህ? … ሚስታቸው ሲንቄ? አንተ ጋ ናት? … ብሩክሊን ፓርክ ቤትህ ድረስ እያለቀሰች መጣች? ወይኔ! … አዎ፣ ጠዋት ከፓርኪንግ ደውለውላታል፣ እሱ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን አልሰማችም። ሥራውን ያገኘህላቸው አንተ ስለሆንክ ከሥሩ ልንገርህ፤ አትቆጣ ብቻ።

— ባለፈው ሳምንት ኦልሰን የሚባል ሽማግሌ ከስተመር አንድ ትልቅ ሥዕል አመጣ። ከድሮ የለንደን ጋዜጣ የወጣ፣ የታተመ። እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲሄዱ… አዎ፣ የዚያን ዘመን። ዝሆኖች መድፍ ተሸክመው ገደሉን ሲወጡ ነው። … ዝሆን ነው ያልኩህ! ከህንድ በመርከብ ጭነው አምጥተው። … እኔም አላውቅም ነበር፣ ጋሽ ጉዲሳ ናቸው የነገሩኝ።

— ሰውዬው ቤቱ ፍሬም አለው፣ ሥዕሉ ግን አይገባለትም። "ዳር ዳሩን ቁረጡልኝና ካርቶን ላይ አጣብቁልኝ" አለ። ሊንዳ፣ አለቃችን፣ እሺ ብላ ተቀበለች። መቁረጡ ለጋሽ ጉዲሳ ደረሳቸው።

— እሱማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እሳቸው ግን ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ክሊሼ፣ የሥዕል ማተሚያ ቅርጽ፣ ሲሠሩ እንደኖሩ ረሳኸው? … "ሩት፣ ነይ እዪ" አሉኝ። አየሁ። ከላይ እስከ ታች ፀጉር የምታክል ነጭ መስመር። ሌላም አለ፣ አግድም። "ሥዕሉ ተፈልፍሎ የታተመበት እንጨት አንድ አይደለም፣ አሥራ ስድስት ቁራጭ ነው" አሉኝ። "ጋዜጣ ቀኑን አያሳልፍም። ፈልፋዮቹ ሥዕሉን ተካፈሉት። አንዱ የዝሆን እግር ፈለፈለ፣ አንዱ ገደል፣ አንዱ ሰማይ። ከዚያ መልሰው ገጠሙት። ነጩ በሙሉ የተፈለፈለ ነው፤ ጥቁሩ የተረፈው ነው። እጁ አንዴ ከሳተ መመለሻ የለውም።"

— ትሰማኛለህ? … እኔም እንደ አንተው አልኳቸው። "ጋሼ፣ ሊወጉን የመጡ አይደሉም እንዴ? ምኑ ነው የሚደነቀው?" ከዚያ ጥግ ላይ በቅሎ የሚጎትት አንድ ሰው አሳዩኝ። ሐበሻ ይሁን ህንድ እንጃ፣ ፊቱ የሩዝ ፍሬ አያክልም። ግን ፊት ነው፣ ቂርቆስ! ደክሞታል። ፀሐይ ዓይኑን ጨፈን አስደርጋዋለች። "የላኳቸውን አላደንቅም" አሉኝ። "ግን ለንደን ተቀምጦ፣ አይቶት ለማያውቀው በቅሎ ጎታች ይሄን ፊት የሰጠውን ሰው፣ ባገኘው እጁን እስመው ነበር።" … አዎ፣ ቢላዋው የሚያልፈውማ በሱ ላይ ነው! ጥግ ላይ ነዋ ያለው።

— ዛሬ ጠዋት ሊንዳ ስትመጣ ሥራው አልተነካም። እኔ ላስተርጉም ገባሁ። "አልቆርጥም" አሉ። ይቺን ብቻ። … አልጮኹም፣ ድምፃቸውን ታውቀው የለ? እሷም አልጮኸችም፣ ፊቷ ግን ቲማቲም መሰለ። "ከስተመሩ ያለውን የማትሠራ ከሆነ ኮትህን ውሰድ" አለቻቸው። ወሰዱ። ጠረጴዛቸውን ጠርገው ወጡ። … አውቃለሁ፣ የመጋዘኑን ሥራ ለዚህ ብለው እንደተዉ አውቃለሁ። ከዚያ ሊንዳ ቢላዋውን ለኔ ሰጠችኝ።

— …እኔማ… እውነቱን ልንገርህ? እምቢ አላልኩም። ማስመሪያውን አስቀምጬ ነበር። … አትስደበኝ፣ ፈራሁ። ቢላዋው ወረቀቱን ሊነካ ሲል ግን ያ በቅሎ ጎታች ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቢላዋውን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁት።

— ስማኝማ! ያኔ በሩ ተከፈተና ኦልሰን ራሱ ገባ፣ ሥዕሉን ሊወስድ። ቢላዋውን ጣልኩና ያለ ኮት በረዶው ላይ ሮጥኩ። ጋሽ ጉዲሳ መኪናቸው ውስጥ ናቸው፣ ገና አልሄዱም። መስኮቱን ደበደብኩት። "ኑ፣ ለሰውዬው ራስዎ ያሳዩት" አልኳቸው።

— …መጡ እንጂ! ማጉያውን ከኪሳቸው አውጥተው ለኦልሰን ሰጡት። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እሳቸው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ቆጠሩለት። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ… እስከ ሲክስቲን! ያለ አስተርጓሚ። ከዚያ ጣታቸው ጥግ ላይ ቆመ። ሽማግሌው የበቅሎ ጎታቹን ፊት አየው። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አዝሏል። "ይሄን ሰው ቁረጡት ያልኩት እኔ ነኝ?" አለ። እንዳይነካ፣ በሥዕሉ ልክ አዲስ ፍሬም ይሠራለት አለ።

— ሊንዳ? ይቅርታማ አላለችም። ማጉያውን ተቀብላ እሷም አየች። እንደ ልጅ በከንፈሯ ስትቆጥር ሰማኋት። ከዚያ "ኮትህን ስቀል" አለቻቸው። … እውነቴን ነው፣ በእናታችን!

— አሁንማ እዚሁ ናቸው፣ እሱኑ እየሠሩ። ካርቶኑ ላይ አያጣብቁትም፤ በስስ ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ከላይ ጠርዙ ላይ ብቻ ይይዙታል። የፈለገ ሰው ነገ ሊፈታው ይችላል። … ለምን አልደወሉላትም? ሥራ ይዟቸው ረሱ መሰለኝ። ቆይ… ጋሽ ጉዲሳ! ቂርቆስ ነው! ሲንቄ አጠገቡ ሆና እያለቀሰች ነው! … ደነገጡ። … እጃቸው ሙጫ ነው፣ ስልክ መያዝ አይችሉም። … ምን ልበላት፣ ጋሼ? … እሺ። … ሌላስ? … እሺ።

— ሄሎ፣ ቂርቆስ? ስልኩን ለሲንቄ ስጣት። … ሲንቄዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሩት። በቃ፣ አታልቅሺ። ጋሽ ጉዲሳ "ነገም ሥራ እገባለሁ በያት" ብለዋል። … ነገም። … አዎ፣ እዚሁ፣ ፍሬም ቤቱ። … ይኸው እየሳቅሽ ነው። … እሺ፣ ቻው፣ ከስተመር ገባ።