ደህናው ጎን ለምን ይቆረጣል?

ባለፈው ኅዳር ከሶዶ መናኸሪያ ወደ ተበላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መሙላቱን እየጠበቅሁ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ሲከራከር ጣልቃ ሳልገባ አላልፍም፤ የዚያን ቀን ግን አፌን ዘጋሁ።

ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋሼ ታሪኩ ይባላሉ፤ በተበላ ገበያ አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ምራታቸው ፈጠነች የአምስት ወር ወንድ ልጇን ታቅፋለች። የሕፃኑ የላይኛው ከንፈር በግራ በኩል እስከ አፍንጫው ተሰንጥቋል። ነገ ጠዋት ሊጠገን ተራው ደርሶ ሳለ አያቱ ከሆስፒታል አስወጥተውት ወደ ቤት መመለሳቸው ነው። የፈጠነች እንባ ይወርዳል።

ለእናቷ ዕቃ ልትልክ የመጣች ሩት የምትባል የዚያው ሆስፒታል ወጣት ሐኪም በመስኮት አየቻቸውና ደንግጣ ገባች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፤ ምን እንዳስቀየማቸውም ጠየቀች።

«አላስቀየማችሁኝም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ታሪኩ። «ደህናውንም ጎን እንቆርጣለን አላችሁ። የተቀደደ ይሰፋል እንጂ ደህናው ይቀደዳል እንዴ?»

እውነቴን ነው፣ እኔም በልቤ ለእሳቸው ፈረድኩ። የተማርኩ ነኝ እያልኩ የገዛ ከንፈሬን አላውቀውም ነበር።

ሩት አልተቆጣችም። ጣቷን ከራሷ ከንፈር ላይ አድርጋ ታስረዳቸው ጀመር። የላይኛው ከንፈር መሐሉ ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ ሁለት ጉብታ አለው፤ ከቆዳው በታች ደግሞ አፍን ዙሪያውን የሚከብ ጡንቻ አለ። በዚህ ልጅ ላይ ጡንቻው ተቋርጦ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ዞረው ከአፍንጫው ሥር ተጣብቀዋል። ስለዚህ ከስንጥቁ ወዲህ ያለው የደህናው ጎን ጠርዝ ወደ ላይ ተስቦ አጥሯል፤ አፍንጫውም ተጣሟል።

«ሥጋ አልጎደለውም፣ ጋሼ፤ ቦታውን ነው የሳተው» አለች። «ከመሐሉ እስከ ደህናው ጉብታ ያለውን ለክተን፣ ያንኑ ልክ በስንጥቁ በኩል ምልክት እናደርጋለን። ያጠረውን ጠርዝ የምንቆርጠው ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ማዶ ያለውን ስበን እናመጣለን፤ ጡንቻውን ከአፍንጫው ሥር ፈትተን ከጡንቻ፣ ቀዩን ጠርዝ ከቀዩ ጠርዝ እናገጥማለን። ቆዳውን ብቻ ብንሰፋው እያደረ ይሸበሸባል፣ ይጣመማል። እርስዎስ ያጠረን ጨርቅ ከረጅሙ ጋር ዝም ብለው ይሰፋሉ?»

«አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን ደከመ። ረዳቱ ሁለት ሰው እንደቀረው ይጮኻል። ቢሞላ ያ ልጅ ወደ ቤቱ ነው፤ ከንፈር ሊጠግኑ ከሌላ ቦታ የመጡት ሐኪሞችም በሳምንቱ መጨረሻ ይሄዳሉ።

ጋሼ ታሪኩ ያን ጊዜ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩን። የመጀመሪያ ልጃቸውም እንደዚሁ ተሰንጥቆ ነበር የተወለደው። ሙያቸውን ተማምነው፣ እናቱን ጭንቅላቱን አስይዘው፣ በገዛ እጃቸው በሐር ክር ሰፉት። ባለቀሰ ቁጥር ክሩ ሥጋውን ቀደደው፤ አመረቀዘ፤ በዘጠነኛው ቀን ቀበሩት። ለጎረቤት ግን በወባ ሞተ አሉ። ፈጠነች ይህን ስትሰማ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ለክቼ ብሰፋው ኖሮ ይተርፍ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።

«በእርስዎ እጅ አይተርፍም ነበር፣ ጋሼ» አለች ሩት ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ያኔም ግን አዲስ አበባ የሚጠግኑ ሐኪሞች ነበሩ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ይህችን እውነት ከመስማት ቢደበድቧቸው ይሻላቸው ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈ። ይህኛው ልጅ ግን ከተጠገነ ከንፈሩ ይገጥማል፤ ያጎረሱት አይፈስበትም፤ ከንፈር ለከንፈር ካልተነካካ የማይወጡትን «ማ» እና «ባ»ን ይላል፤ ትምህርት ቤትም እንደ እኩዮቹ ይሄዳል። ሩት ይህን ሁሉ ስትዘረዝር ጋሼ ታሪኩ ያዘኑት ለሞተው ነው።

«ያኛውም አባ ይለኝ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ከዚያም ተነሥተው ምራታቸውን አስቀድመው ወረዱ። ሩት የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ ዛሬውኑ መፈረም እንዳለባቸው ስትነግራቸው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እናቱ ትፈርም» አሉ። «ይህ እጅ ሁለተኛ ወደ ልጅ ከንፈር አይቀርብም።»