የርኆቦት ትርጉምና የእኛ ግቢ ጉድጓድ

«እማዬ፣ ርኆቦት ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ የመጨረሻዋ ልጄ ጽዮን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት መጥታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ። በእኛ ጊዜ እኮ ቄሱ ያነባሉ፣ እኛ እንሰማለን፣ አለቀ፤ ማን ትርጉም ይጠይቃል? እና እኔ ሆዬ «የአገር ስም ነዋ!» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ትርጉሙን ከቤት ጠይቃችሁ ኑ ተብለናል።»

«ቅዱስ ስም ነው፣ በቃ።»

«እማዬ ደግሞ! አታውቂውም አይደል?»

ታዲያ ምን ላድርግ፣ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አወረድኩና በጣቴ እየተከተልኩ ፍለጋ ገባሁ።

ስሙኝማ፣ ያን ሰሞን ሁዳዴ ነው፣ እኔም ከጎረቤቴ ከአሪየት ጋር ተኳርፌያለሁ። አሪየት የአኙዋ ሴት ናት፤ ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ እዚህ አቦቦ ካመጡኝ ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው። የተጣላነው በምን መሰላችሁ? በዓሣ! ባለቤቴ የቆፈረው ጉድጓድ እኛ ግቢ አለ፣ ሁለታችንም ከዚያ ነበር የምንቀዳው። ታዲያ አንድ ቀን ዓሣ ያጠበችበትን ባልዲ ሳታለቀልቅ ወደ ጉድጓዱ ሰደደችው። በሁዳዴ! ዓሣ በማልቀምስበት ጾም!

«አሪየት፣ ጾሜን አስገደፍሽኝ!»

«ዓሣ የት ነው የሚኖረው?» አለችኝ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ውኃ ውስጥ አይደለም? የአልዌሮን ወንዝ ውኃ ጠጥተሽ አታውቂም?»

እውነቷን እኮ ነው! ግን እውነት ሲሆን ይባስ አያናድድም? እና ጉድጓዱን ከደንኩ፣ በሰንሰለት አሰርኩ፣ ቆለፍኩ። እሷም አትጠጣ፣ እኔም አልጠጣ። ከዚያ ወዲያ እሷ ጀሪካኗን ይዛ ከፊት፣ እኔ ጀሪካኔን ይዤ ከኋላ፣ ፀሐዩ አናታችንን እየበሳ እስከ ሩቁ ቦኖ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳንባባል።

እና ወደ ንባቡ ልመለስ። ይስሐቅ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ የአገሩ እረኞች «ውኃው የኛ ነው» ብለው ይጣሉታል፣ የጠብ ስም ያወጣለትና ትቶላቸው ይሄዳል። ሌላ ያስቆፍራል፣ እሱም ላይ ጠብ፣ እሱንም ትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ የሚጣላው ጠፋ፤ ያኔ እግዚአብሔር አሰፋልን ሲል ርኆቦት አለው።

«አገኘሁት! ሰፊ ቦታ ማለት ነው፣ ጻፊ» አልኳት።

ጽዮን ግን እስክሪብቶዋን አላነሳችም። «ይስሐቅ ፈሪ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አፍሽን!»

«ታዲያ ለምን አልቆለፈውም?»

መጽሐፍ ቅዱሱን ከደንኩት። እሷ መች ተወችኝ! «እማዬ፣ ይስሐቅ እኛ ግቢ ቢመጣ ለጉድጓዱ የትኛውን ስም ያወጣለት ነበር? የመጀመሪያውን ነው ወይስ የሦስተኛውን?»

«ሂጂ እራትሽን ብዪ!» አልኳት።

እኔ እኮ እግዚአብሔር አሰፋልን ሲባል መሬቱን ይመስለኝ ነበር። መሬቱማ ያው መሬት ነው፤ መጀመሪያ የሰፋው የሰውዬው ሆድ ነው እንጂ። ልተኛ ስል ጸሎት ቆምኩ፣ አባታችን ሆይ ብዬ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስደርስ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ዘለልኩት። ደግሜ ጀመርኩ፣ እዚያው ስደርስ አሁንም ዘለልኩት።

ታዲያ ሲነጋ ጉድጓዱን ከፈትኩና ገጀራ ይዤ በእኔና በአሪየት መካከል ያለውን የቀርከሃ አጥር መቁረጥ ጀመርኩ። እሷ ደንግጣ ወጣች።

«ምን ሆነሻል? እባብ ገባ?»

«በር ነው።»

«የማን በር?»

«ያንቺ። በዋናው በር ዞረሽ ከምትመጪ፣ በዚህ ግቢና ቅጂ።»

ቀዳዳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ጾሙስ?»

«ባልዲሽን አለቅልቂ፣ ጾሙን ለእኔ ተይው።»

ቀረብ አለችና ትከሻዋን በቀዳዳው ለካች፣ አላስገባ አላት። «አንቺ ሴት፣ ይሄን የቆረጥሽው ለፍየል ነው? አምጪው ወዲህ!» ብላ ገጀራውን ከእጄ ነጠቀችኝና የቀረውን እሷው እየሳቀች ቆረጠችው።