ሥራ ፈቱ ዓሣ

የአጥማጆች ማኅበር ሰብሳቢ የሆኑት ሽማግሌ ከባሕር ሲመለሱ መረብ ጠጋኙ ዘንድ ጎራ ቢሉ፣ የእኅታቸውን ልጅ እዚያው ቁጭ ብላ አገኟት። የባሕር ትምህርቷን ጨርሳ ከመጣች ወዲህ በየደረሰችበት የዓሣ አፍ እየከፈተች ስለምታይ የሰፈሩ ሰው «የዓሣ ጥርስ ሐኪም» ይላታል። እሳቸውም በዚህ ሲያሾፉባት ኖረዋል፤ ዛሬ ግን ለቀልድ የሚሆን አንጀት አልነበራቸውም።

ባሕሩ ያለወትሮው ሞቆ በመክረሙ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለው ኮራል፣ ያ ሕይወት ያለው የባሕር ዐለት፣ አመድ መስሎ ነጥቷል፤ በላዩም አረም ይበቅልበት ጀምሯል። ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ከተመናመኑ ቆይተዋል። በርከት ብሎ የቀረው አጥማጁ ሁሉ «ሥራ ፈቱ» የሚለው፣ ቀኑን ሙሉ ዐለት ሲግጥ የሚውለው ሰማያዊ ዓሣ ነው። ሽማግሌው የመረቡን ዓይን አስጠብበው እሱኑ ሊያጠምዱ ቆርጠዋል። ነገ ማኅበሩ ሲሰበሰብ እሳቸው ያሉትን እምቢ የሚል አይኖርም።

ይህን ለጠጋኙ ሲነግሩት የእኅታቸው ልጅ ሰማች። አረሙን የሚያጸዳው ያ ዓሣ ነው፣ እሱ ካለቀ ኮራሉ አያገግምም ብላ ለመነቻቸው። ሽማግሌው በመጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ኋላ ግን የተማረ ሰው ዝም ሲሉት ያሸነፈ ይመስለዋል ብለው ሰጉ መሰል፣ መለሱላት።

«ልጄ፣ ባሕሩ ውስጥ ስንት ዓይነት ዓሣ አለ። አንዱ ቢያልቅ ሌላው ይተካዋል።»

«በስም ሲቆጠሩ ብዙ ናቸው፣ አጎቴ። በሥራ ሲቆጠሩስ?»

ከቅርጫታቸው ዓሣ እያወጣች በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች፤ ጠጋኙ ስለ ሽታው አጉረመረመ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሥራ አፉን እያዩ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። አፈ ሹሉን አይተው ወረንጦ ነው፣ ከስንጥቅ ውስጥ ይለቅምበታል አሉ። አፈ ሰፊውን ዋጥ የሚያደርግ ነው አሉ። የሥራ ፈቱን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ ግን ዘገዩ። በወጣትነታቸው ጀልባ ይጠርቡ ነበርና መሣሪያውን አላጡትም።

«መሮ ነው» አሉ።

ሆዱን ስትከፍተው የተፈጨ ድንጋይና አረም ወጣ። ይህን ሆድ ዕድሜ ልካቸውን ከፍተው አይተው አያውቁም። ሰው ያልገባውን ሥራ ሥራ ፈትነት ማለት ይወዳል።

«ከነዚህ ውስጥ ሌላ ባለመሮ አለ?»

ሽማግሌው ዓሦቹን አንድ በአንድ ገለበጡ፤ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ እጅ አልሰጡም።

«በወጣትነቴም እንዲሁ ሞቆ ኮራሉ ነጥቶ ነበር። ማንም ሳይጨነቅለት ተመለሰ።»

«ያን ጊዜ ሥራ ፈቱን ያጠምዱት ነበር?»

«ማን ይፈልገው ነበር! መረብ ሲገባ እየሰደብን እንመልሰው...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ የሥራ ፈቱን ጥርስ እንደገና ዳሰሱ። ልጅቱም ብልህ ናትና አልቸኮለችባቸውም። ነገሩ የከበደው ጠጋኙ ነበር፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብሎ ተረተ።

«ገና አልረፈደም» አለች ልጅቱ። «ሙቀቱን እኛ ከዚህ ሆነን አናስቆመውም። ከሙቀቱ በኋላ የሚጠግነውን ዓሣ መተው ግን እንችላለን። ሲተልቅ ደግሞ ብዙ ይግጣል፤ ጠባብ መረብ ሳያድግ ይጨርሰዋል።»

ሽማግሌው መረባቸውን ሳያስነኩ ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ለማኅበሩ ሥራ ፈቱ እንዳይጠመድ ሲናገሩ፣ ጉርምርምታው ቤቱን ሞላው። አንድ የልጆች አባት ተነሥቶ ቤተሰቡን በምን እንደሚያሳድር ጠየቃቸው። ጥያቄው የራሳቸውም ስለነበር አልተቆጡም።

«ጥልቁ ውሃ ላይ በመንጠቆ እናጠምዳለን። ድካም ነው፤ ወገቤም አይረዳኝም፤ ግን ከፊት የምወጣው እኔ ነኝ። አረሙ ከተጋጠ ኮራሉ የሚጣበቅበት ቦታ ያገኛል። ኮራሉ ሲያድግ የዓሣ ጫጩት መጠለያ ያገኛል፤ አዳኙም ምግቡን ተከትሎ ይመለሳል። ማዕበል ሲመጣም ቤታችን ሳይደርስ የሚመክተው ኮራሉ ነው። ይህን ሁሉ እኔ ላላየው እችላለሁ። ልጆችህ ግን ያዩታል።»

ሰውዬው ከመቀመጡ በፊት ጀልባቸው ላይ ለእሱም ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው።