የጋሽ አበጀ ሁለት ጉንጮች

ንፋስ መውጫ ጋሽ አበጀ ቤት፣ መልካቸውን በዘይት ቀለም ልሥል ተቀምጫለሁ። ለፊታቸው የሚሆን ቡናማ መምረጥ አቃተኝ። በርንት አምበር የሚባለው ቀላ ይላል፤ ሮው አምበር ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ "አበጀ ቀይ ዳማ ነው" ይላሉ፤ እሳቸው "ጠይም ነኝ" ብለው ድርቅ። ላወዳድር ብዬ ቀላ ያለውን በቀኝ ጉንጫቸው፣ ሌላውን በግራው ቀባሁላቸው።

ይሄኔ ሽማግሌዎች ገቡ! እትዬ ዘነቡ እንቢ ያሉበትን የልጃቸውን ጋብቻ እንደገና ሊለምኑ ነው። ጋሽ አበጀ ፊታቸውን በጋቢ ቢሸፍኑ ጋቢውም ተለቀለቀ። እሺ ካልተባሉ የማይቀመጡት ሽማግሌዎች ደንግጠው ቁጭ አሉ።

"ምን አገኘዎት?" አሉ አብረው የመጡት ቄስ።

እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ቄሱ ጠጋ ብለው ሁለቱንም ጉንጭ ደጋግመው አዩና "የቀኙ ነው የሚመስለው፤ ቀይ ዳማ ነዎት" ብለው ፈረዱ።

እትዬ ዘነቡ ብድግ አሉ። "እንዲህ እውነት የሚፈርድ ሽማግሌ ከላኩማ ልጄን ሰጥቻለሁ!"

ጋሽ አበጀ "እኔስ አልጠየቅም እንዴ?" ቢሉም፣ በእልልታው መካከል የሰማቸው የለም።