በኮት ገበር ውስጥ ያለ ኪሎ

(ሽንኩርት ነጋዴዋ አስካለ፣ በካንሰር ከታመመችው ልጇ ከስንዱ ጋር፣ በሆስፒታሉ የሚዛን ክፍል በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ።)

አስካለ፦ አንድ ጉርሻ ብቻ። እንቁላሉ ካስጠላሽ አጥሚቱን ቅመሽ።

ስንዱ፦ እማዬ፣ ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል። የቀመስኩት ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል አልኩሽ እኮ።

አስካለ፦ አፍንጫሽን ይዘሽ ዋጪዋ። እኔ አንቺን ሳጠባ ስንት ፌጦ እንዲያ ጠጥቻለሁ።

ስንዱ፦ አንቺ ኬሞ አልወሰድሽማ።

አስካለ፦ ቀሚስሽ ትከሻሽ ላይ አልቆም አለ። ሰው ሲያይሽ ምን ይላል?

ስንዱ፦ ፋሽን ነው በያቸው። ይልቅ ይሄን ኮት ላውልቀው።

አስካለ፦ ተይ፣ ይበርድሻል።

ስንዱ፦ ላብ በላብ ሆኛለሁ። እንቺ፣ ያዢልኝ። ደግሞ አከባበዱ። ገበሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

አስካለ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ስንዱ፦ የሽንኩርት ሚዛንሽ የኪሎ ብረቶች ናቸው? ሁለቱንም ሰፋሽብኝ?

አስካለ፦ ምን ላድርግ? ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ራሴ አንብቤ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት እሱን ነው። «ክብደቱ የቀነሰ ታካሚ ሕክምናው ለሌላ ቀን ሊተላለፍ ይችላል» ይላል።

ስንዱ፦ ከሥሩስ?

አስካለ፦ እሱ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ተውኩት።

ስንዱ፦ አሁን አንብቢው።

አስካለ፦ «የመድኃኒቱ... መጠን... የሚ... የሚሰላው... በክብደት ነው።»

ስንዱ፦ አየሽ፣ በኪሎዬ ልክ ነው የሚሰጡኝ። ኪሎው ሲጨምር መድኃኒቱም ይጨምራል።

አስካለ፦ ሁለት ኪሎ ብቻ እኮ ነው።

ስንዱ፦ ሽንኩርት አይደለሁም፣ እማዬ። ባለፈውም ይሄንኑ ኮት አልብሰሽኝ ነበር። «ብርድ አላት፣ አታስወልቋት» ብለሽ ለመንሽ።

አስካለ፦ ታዲያ አፍሽ የቆሰለው... ውኃ እንኳን አልወርድ ያለሽ...

ስንዱ፦ እሱማ ያለዚያም ይመጣል። አታልቅሺ።

አስካለ፦ ለሲስተሯ ልንገራት።

ስንዱ፦ እንዳትነግሪያት። ኪሎዬ መውረዱን ካወቁ ዛሬ ይመልሱኛል። ይህቺን ቀን ሦስት ሳምንት ጠብቄያታለሁ። ኮቱን መልሺልኝ።

አስካለ፦ እያወቅሽ?

ስንዱ፦ አንቺ ምን ሆነሽ ሰፋሽው?

አስካለ፦ ፈርቼ።

ስንዱ፦ እኔም ፈርቼ ነው። ስሜን ጠሩ፤ ስጪኝ እማዬ።

አስካለ፦ ሲስተር፣ ያለ ኮት መዝኗት። ያለፈውንም ኪሎዋን ሰርዙት፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።